ግማሽ ፈረስ አራተኛ ፎቅ ላይ

ሄኖክ፦ የመኪናችንን የሞተር ጉልበት ራሳችን እንዴት እንለካለን? የዛሬው ርዕሳችን ይህ ነው። ከዚያ በፊት ግን የጀሪካኑን ነገር ላውራችሁ።

ማርታ፦ ጀመረው!

ሄኖክ፦ ባለፈው ሳምንት ውኃ ጠፋ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጀሪካኑን ተሸክሜ ስወጣ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ፤ በሬ ላይ ስደርስ 24 ሰከንድ።

ማርታ፦ ውኃ ሲሸከም ሰዓት የሚይዝ ሰው አንተን አየሁ።

ሄኖክ፦ ስሚኝ እንጂ! እኔ 54 ኪሎ፣ ጀሪካኑ ከነውኃው 21፣ ድምሩ 75። ከፍታው 12 ሜትር ነው፤ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ወጣሁ ማለት ነው። 75 ኪሎ በሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ደግሞ አንድ የፈረስ ጉልበት ነው።

ማርታ፦ ስለዚህ ግማሽ ፈረስ ነህ። የትኛው ግማሽ እንደሆንክ አልጠይቅም።

ሄኖክ፦ ከነጀሪካኑ ነው እኮ!

ማርታ፦ እሺ፣ መኪናዋስ?

ሄኖክ፦ ቪትዜ እኔንና ወንድሜን ጭና 1100 ኪሎ ትመዝናለች። ጭር ባለ ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 6 ሰከንድ ፈጀባት። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ የፍጥነት መለኪያ ሰሌዳውን ቀረጸ። ነፋስና ተዳፋት እንዳያታልሉን ዞረን በተቃራኒው አቅጣጫ ደገምነው።

ማርታ፦ የመኪና ሰሌዳ ፍጥነትን አጋንኖ ያሳያል፤ የስልኩ ሳተላይት ይሻል ነበር።

ሄኖክ፦ ልክ ነሽ፣ በሚቀጥለው። ብቻ ሁለቱን ፍጥነቶች ወደ ሜትር በሰከንድ ቀይረሽ እያንዳንዱን በራሱ ታባዢና ትቀናንሻለሽ። ልዩነቱን በክብደቱ ግማሽ አባዝተሽ ለ6 ሰከንድ ስታካፍዪው 34 ኪሎዋት ገደማ ይመጣል። 46 ፈረስ!

ማርታ፦ ሻጩ 70 ነው ብሎህ አልነበር? 24 ፈረስ የት ገባ? ተታለሃል!

ሄኖክ፦ አልተታለልኩም። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 14 ፈረስ እዚያ ቀረ። የተረፈውን ካምቢዮው፣ ጎማውና የፊት ለፊቱ ነፋስ ተካፈሉት።

ማርታ፦ ፈረሶቹ ትንፋሽ አጠራቸው በለኛ! እኔ ግን ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ነው እላለሁ።

ሄኖክ፦ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው ቀይሬው እዚያው ሜዳ ላይ፣ በዚያው ጭነት የምደግመው። ቁጥሩ ከፍ ካለ አንቺ ረታሽ።

ማርታ፦ ጀሪካኑንስ ትደግመዋለህ?

ሄኖክ፦ ውኃ መጣ እኮ!