አንገቱን ደፍቶ የሚወጣ ቡቃያ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። እንደምን ሰነበታችሁ? ይህንን ዝግጅት የምቀርጸው በማለዳ ነው፤ እጄን ሁለት ጊዜ ብታጠብም በጥፍሮቼ ሥር የገባው አፈር ጨርሶ አልለቀቀኝም። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። ብቻዬን ሆኜ ላወጋችሁ የፈለግሁት በጸደይ ወራት፣ በጓሮ ባለች ጠባብ መሬት ወይም ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ላይ፣ አትክልትና መዓዛማ ዕፅዋት መንከባከብ ስለሚሰጠው ደስታ ነው።

ስለ ጓሮ አትክልት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ምርቱ ነው፤ ስንት ኪሎ ቲማቲም ተለቀመ፣ ለስንት ሳምንት ሰላጣ ሳይገዛ ተከረመ የሚለው ነው። እኔም ስጀምር በዚያው ሚዛን እመዝነው ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ልቤ በደስታ የሚሞላው ቅርጫቱ በሚሞላበት ሰሞን ሳይሆን፣ መደቡ ገና ባዶ መስሎ በሚታይበትና በየማለዳው ጎንበስ እያልኩ በምመረምርበት በዚህ ወቅት መሆኑን አስተዋልኩ። ከእንቅልፌ እንደተነሣሁ፣ ስልኬን ሳልነካ፣ ወደ ጓሮ እወጣለሁ፤ ከመደብ ወደ መደብ እየተዘዋወርኩም ትናንት ያልነበረ፣ ዛሬ ግን ብቅ ያለ ነገር እንዳለ እፈልጋለሁ። ቢበዛ ሩብ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው፤ ያችን ሩብ ሰዓት ግን በምንም አልለውጣትም።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ቅዝቃዜው አልፎ መሬቱ መሞቅ ሲጀምር፣ በተለይም ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ፣ አፈሩን ገልበጥ ሲያደርጉት የሚወጣው ሽታ አለ። ይህ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሚያመነጩትም በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ስትሬፕቶማይሲስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሰው አፍንጫ ይህን ሽታ መጠኑ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ በሆነበት ጊዜ እንኳ ለይቶ ያውቀዋል። ይህንን ካወቅሁ ወዲህ ሽታውን አብልጬ ወደድኩት፤ ምንም በማይታይበት መሬት ውስጥ ሕይወት በሥራ ላይ መሆኑን ይነግረኛልና። አፈሩ ለመቆፈር መድረሱን የምፈትነው ግን በእጄ ነው። አንድ እፍኝ አነሣና ጨበጥ አደርገዋለሁ፤ መልሼ በጣቴ ነካ ሳደርገው ከተፈረፈረ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። እንደ ጭቃ ተጣብቆ ከቀረ ግን አካፋውን ወደ ቦታው እመልሳለሁ፤ እርጥብ ሆኖ የተቆፈረ አፈር ተጠቅጥቆ ስለሚደርቅ ሥር ማሳለፍ ያቅተዋል።

የአፈሩን ሙቀት መጠበቅ የተማርኩት ግን ዋጋ ከፍዬ ነው። በመጀመሪያው የጸደይ ወቅቴ፣ ቀኑ ሞቅ ማለቱን ብቻ አይቼ፣ ቦሎቄ ዘራሁ፤ ሌሊቱ ገና ይቀዘቅዝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠብቄ አንዲት እንኳ ስላልወጣች መሬቱን በጣቴ ጫር ጫር ባደርገው፣ ዘሮቹ ለስልሰውና ጠቁረው፣ ሲነኳቸው የሚፈርሱ ሆነው አገኘኋቸው። ዘሩ ጥፋት አልነበረበትም። አተር፣ ስፒናችና ሰላጣ አፈሩ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን እንኳ ቀስ እያሉ መብቀል ይችላሉ፤ ቦሎቄ ግን 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ ከ20 በላይ ሲሆንላቸው ነው ደስ ብሏቸው የሚወጡት። አሁን አንዲት ትንሽ ቴርሞሜትር አለችኝ፤ ጠዋት ጠዋት አፈር ውስጥ እሰካታለሁ። ለጀማሪ አንድ ዕቃ ብቻ ግዛ በሉት ብትሉኝ፣ ከማንኛውም መቆፈሪያ በፊት እርሷን እመርጣለሁ።

እንግዲህ አፈሩ በቂ ሙቀት ካገኘ በኋላ የሚመጣውን ነገር ነው ቀረብ ብላችሁ እንድታዩልኝ የምፈልገው። የቦሎቄ ዘር ከተቀበረ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በማለዳ መደቡን ስትመለከቱ፣ አፈሩ በአንድ ቦታ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አውጥቶ ታገኙታላችሁ። በማግስቱ ስንጥቁ ይሰፋና ትንሽ የአፈር ክዳን ወደ ላይ ትነሣለች። ያን ጊዜ በሆዳችሁ ተኝታችሁ በጎን ብታዩ፣ ክዳኗን የሚያነሣው የቡቃያው ጫፍ አይደለም፤ ጎብጦ የወጣ፣ ነጣ ያለ አንገቱ ነው። ጫፉ፣ ማለትም ለጋዎቹ ቅጠሎችና የዕድገቱ ነጥብ፣ በሁለቱ የዘር ክፋዮች መካከል ተሸሽገው ወደ ታች እንደተደፉ ከኋላ ይጎተታሉ። ቡቃያው ወደ ላይ የሚገፋው በጠንካራው ጉብጠቱ ስለሆነ፣ ጠጠርና ድርቅ ያለ አፈር የሚፈትገው አንገቱን እንጂ ለስላሳውን ጫፍ አይደለም። ብርሃን እንዳገኘ ደግሞ ጉብጠቱ ይዘረጋል፤ ከቀትር በፊት አንገቱን ደፍቶ ያየሁትን ቡቃያ ማምሻውን ቀና ብሎ፣ ክፋዮቹንም ገለጥ አድርጎ አግኝቼው አውቃለሁ። ይህንን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ግን ባየሁት ቁጥር እዚያው ተንበርክኬ ቁርሴን እረሳለሁ።

የሰላጣ ዘር ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከሰሊጥ የቀጠነች ናትና ጥልቅ አድርጎ የቀበራት ሰው ብዙ ጊዜ ሳትወጣለት ትቀራለች። ምክንያቱ አቅም ማጣቷ ብቻ ሳይሆን ብርሃን መፈለጓ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ የሰላጣ ዘር በቀይ ብርሃን እንደሚበቅል፣ ከቀይ ባሻገር ያለውና ለዓይናችን እምብዛም የማይታየው ብርሃን ደግሞ ያንን እንደሚሽረው አሳዩ፤ ሁለቱን ብርሃኖች እያፈራረቁ ደጋግመው ቢያበሩባትም፣ ዘሯ የምትታዘዘው በመጨረሻ ላገኛት ብርሃን ነበር። ይህ ለእርሷ ከንቱ ነገር አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለራሱ ወስዶ ባሻገር ያለውን ወደ ታች ስለሚያሳልፍ፣ ዘሯ በላይዋ ጥላ የጣለባት ሌላ ተክል መኖር አለመኖሩን የምታውቀው በዚህ ነው፤ ጥላ ካለ ትታገሣለች፣ ሰማዩ ክፍት ከሆነ ትነሣለች። ስለዚህ እኔ ሰላጣ ስዘራ ዘሩን በተስተካከለ መደብ ላይ እበትንና በመዳፌ ጫን ጫን አደርገዋለሁ፤ ከላይ የማለብሰው አፈር በወንፊት የተነፋ፣ ዘሩን ለዓይን ሊሸፍን እንኳ የማይበቃ ስስ ነው። ከዚያም ውኃውን ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ ማጠጫ፣ እንደ ካፊያ፣ አርከፈክፋለሁ።

ካሮት የሚያስተምረው ሌላ ዓይነት መጠበቅ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ምንም አያሳይም፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ደግሞ የላይኛው አፈር አንድ ቀን እንኳ ደርቆ መዋል የለበትም። ባዶ መሬት በየቀኑ ማጠጣት፣ አድማጮቼ፣ ከሚገመተው በላይ ከባድ ነው፤ በአሥረኛው ቀን «ይህ ዘር ሞቷል» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። እኔ በካሮቱ መስመር ላይ ፍጆል አልፎ አልፎ ጣል አደርጋለሁ። ፍጆል በአራት በአምስት ቀን ብቅ ስለሚል መስመሩ የት እንደሆነ ያሳየኛል፣ በወር ገደማ ውስጥም ተነቅሎ ቦታውን ለካሮቱ ይለቃል፤ ከሁሉም በላይ ግን ጠዋት ስወጣ የማየው አንድ ነገር ይሰጠኛል። የካሮቱ ቡቃያ ሲወጣ የሣር ክር ይመስላል፤ የማያውቀው ሰው አረም ነው ብሎ ሊነቅለው ይችላል።

ችግኝ ማጣትም አለ። አንድ ጊዜ የቲማቲም ችግኞቼን በመስኮት ዳር እያሳደግሁ፣ ከፍቅር ብዛት ጠዋትና ማታ አጠጣቸው ነበር። አንድ ጠዋት ስነሣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከአፈሩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ላይ ግንዳቸው ቀጥኖ፣ ውኃ ያዘለ ክር መስሎ፣ ተጋድመው አገኘኋቸው። በእርጥብና አየር በማይዘዋወርበት አፈር ላይ የሚበረቱ ሻጋታና ሻጋታ መሰል ተዋሲያን የሚያመጡት በሽታ ነው፤ አንዴ የያዘውን ችግኝ የሚያድነው ነገር የለም። ያን ቀን ከልቤ አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ የማጠጣው አፈሩን በጣቴ ነክቼ ላዩ ደረቅ ማለቱን ካረጋገጥሁ በኋላ ነው፤ ችግኞቹንም አጨናንቄ አልተክላቸውም፣ መስኮቱንም ገርበብ አድርጌ ነፋስ አስገባለሁ።

ለመሬት ያልታደለ ሰው ካለ፣ ከአትክልቱ ይልቅ በመዓዛማዎቹ ዕፅዋት እንዲጀምር እመክራለሁ። አንድ የበሶብላ፣ አንድ የጦስኝ፣ አንድ የናና መትከያ፣ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ላይ ካሉ፣ ጸደይ ሙሉ በሙሉ ቤት ገብቷል ማለት ይቻላል። የእነዚህ ዕፅዋት መዓዛ የሚቀመጠው በቅጠላቸው ገጽ ላይ ባሉ፣ ዘይት በያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ስለሆነ፣ በጣት ሲነኩ ይፈነዱና ሽታው እጅ ላይ ይቀራል። ጦስኝ ድርቅ ያለና ብዙ ማዳበሪያ ያልበዛበት አፈር ይወዳል፤ ከመጠን በላይ ከተመቸው ቅጠሉ ይበዛል እንጂ መዓዛው ይሳሳል። ናና ለብቻው ይተከል፤ ከሌሎች ጋር መሬት ላይ ከተለቀቀ በአፈር ሥር እየተሳበ መደቡን ሁሉ ይወርሳል። በሶብላ ደግሞ ብርድ አይችልም፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅጠሉ ይጠቁራል።

የበሶብላን ጫፍ መቀንጠስ መጀመሪያ ላይ ያሳዝነኝ ነበር። እንዴት ይህንን የመሰለ ለምለም ጫፍ ይቆርጡታል? አሁን ግን ተክሉ አንድ ስንዝር ሲደርስ፣ ሁለት ቅጠሎች ፊት ለፊት ከሚነሡበት አንጓ ከፍ ብዬ በጥፍሬ እቀነጥሰዋለሁ። ጫፉ ሳለ ከሥሩ ያሉትን እምቡጦች ይዟቸው ነበርና፣ እርሱ ሲነሣ ከሁለቱ ቅጠሎች ብብት ሁለት አዳዲስ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ከሁለቱ አራት፣ ከአራቱ ስምንት ይሆናሉ። ለምግብ የቆረጥነው ቅጠል ተክሉን የሚያበዛ መሆኑ እስካሁን ድረስ ያስደንቀኛል።

ስለ ነፍሳትም አንድ የምናገረው አለ፣ ጥፋቴን ስለሚመለከት። አንድ ጸደይ ላይ የባቄላዬን ጫፎች ክሽክሽ የሚባለው፣ የተክል ጭማቂ የሚመጥጥ ጥቃቅን ነፍሳት መንጋ ወረራቸው። በመካከላቸው ጠቆር ያሉ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ እሾሃማ መልክ ያላቸው እጮች ሲርመሰመሱ አየሁና ጥፋቱ የእነርሱ መስሎኝ አንድ በአንድ ለቅሜ ገደልኳቸው። ቆይቶ ነው እነዚያ እጮች የዚያች ቀይ ክንፍና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ ልጆች መሆናቸውን፣ እያንዳንዳቸውም አድገው እስኪለወጡ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ እንደሚበሉ የተረዳሁት። ባቄላው ያን ዓመት ከክሽክሹ አልዳነም። አሁን በመደቤ ላይ የማላውቀውን ፍጥረት ሳገኝ፣ ምን እንደሚበላ ቢያንስ ሁለት ቀን ሳላየው እጄን አላነሣበትም።

ትናንት ማምሻውን ስድስት የቲማቲም ችግኞችን ወደ መደቡ አዛወርኩ። ከዚያ በፊት አሥር ቀን ያህል ከቤት እያወጣሁ፣ መጀመሪያ አንድ ሰዓት በጥላ፣ ቀጥሎ ግማሽ ቀን፣ በመጨረሻም ሙሉ ቀንና ሌሊት፣ ከፀሐይና ከነፋስ ጋር ሳለማምዳቸው ሰንብቻለሁ። ስተክላቸው የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥሼ ግንዳቸውን ጠለቅ አድርጌ ቀበርኩት፤ ቲማቲም ከተቀበረው ግንዱ ላይ አዲስ ሥር ያበቅላልና። ሥራውን ለማታ ያቆየሁት ሌሊቱን አርፈው እንዲያድሩ ነው። ሲጨልም ግን በእጅ ባትሪ ወጥቼ ባያቸው ስድስቱም ቅጠላቸውን አንጠልጥለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ እንደሚሆን ባውቅም ሆዴን ባር ባር አለው።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። አምስቱ ቀና ብለዋል፤ በቅጠላቸው ጠርዝ ላይ ጤዛ ቋጥረው፣ ግንዳቸውም ወደ ምሥራቅ ዘመም ብሎ ነበር። ስድስተኛው፣ በአጥሩ ጥግ ያለው፣ ገና እንደተደፋ ነው። ሥሩን ዙሪያ በጣቴ ጠበቅ አድርጌ፣ ትንሽ ውኃ አጠጥቼ፣ በካርቶን ጥላ ሠርቼለት መጣሁ። ይህንን መቅረጫ እንዳጠፋሁ ተመልሼ አየዋለሁ። እስከምንገናኝ ደኅና ሰንብቱልኝ።