የሱፍ አበባ ቀይና ሳይቆይ የሚጠፋው ሰማያዊ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ለዓመታት በተሳሳተ ምክንያት ስለ ወደድኩት ነገር ነው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሱዙኪ ሃሩኖቡ የሣላቸውን፣ በእንጨት ላይ ተቀርጸው በወረቀት የታተሙ ሥዕሎች መጀመሪያ ያየሁት በመጽሐፍ ውስጥ ሲሆን፣ የማረከኝም የቀለማቸው ጭምትነት ነበር። ሰማዩ የደረቀ ሣር ይመስላል፤ የሴቶቹ ልብስ ሻይ እንደ ፈሰሰበት ጨርቅ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ይህን ሁሉ ከሠዓሊው ቁጥብነት ቆጥሬ ለወዳጆቼ ሳሞግስ ኖሬአለሁ። ቆይቼ የተረዳሁት ግን፣ እንዲህ ያለው ሰማይ ብዙውን ጊዜ ሲታተም ሰማያዊ፣ ቡናማ የመሰለኝም ልብስ ሐምራዊ እንደ ነበር ነው። ያሞገስኩት የሠዓሊውን ምርጫ ሳይሆን የብርሃንን ሥራ ነበር።

ሃሩኖቡ እ.ኤ.አ. በ1765 ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ብዙ ቀለም ያላቸውን ህትመቶች ከጀመሩት አንዱ ነው። ሕዝቡ ስማቸውን ኒሺኪ-ኤ፣ ማለትም የወርቀ ዘቦ ሥዕል አላቸው። ለእያንዳንዱ ቀለም ከዱር ቼሪ እንጨት የተቀረጸ የራሱ ገበታ ነበረው፤ አታሚው ቀለሙን ከሩዝ ሙጫ ጋር በብሩሽ ቀብቶ፣ ወረቀቱን አልብሶ፣ ባረን በሚባል ክብ መፈተጊያ ጀርባውን ያሸዋል። ከማዕድን የተፈጨ ቀለም በወረቀቱ ገጽ ላይ ሲቀመጥ፣ የተክል ቀለም ግን ወደ ወረቀቱ ጭረት ይሰርጋል። ውበቱም እዚያ ላይ ነው፤ ቀለሙ የተቀባ ሳይሆን ከወረቀቱ የበቀለ ይመስላል።

ከቢጫዎቹ አንዱ ከእርድ ይገኝ ነበር፤ አልጫ ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ያው እርድ። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ቀዩ፣ እነርሱ ቤኒ የሚሉት፣ የሚወጣው ከሱፍ አበባ መሆኑ ነው። ሱፍ ስል ፀሐይን የምትከተለውንና በዘይት ጠርሙስ ላይ የምናያትን ትልቅ አበባ ማለቴ አይደለም፤ ፍሬውን ወቅጠን፣ አጥልለን፣ በጾም ፍትፍት የምናደርገውን እሾሃማውን ሱፍ ማለቴ ነው። እኛ ፍሬውን ወስደን አበባውን ስንተወው፣ በሰሜን ጃፓን በያማጋታ ያሉ ገበሬዎች ደግሞ አበባውን ለቅመው፣ አብላልተውና ጠፍጥፈው በሞጋሚ ወንዝ ወደ ወደቡ ያወርዱት፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ኪዮቶ ይልኩት ነበር። አበባው ውስጥ ቢጫው ብዙ፣ ቀዩ እጅግ ጥቂት ነው። ቢጫው በውሃ ተደጋግሞ ይታጠባል፤ ቀዩ በአመድ ውሃ ይወጣል፤ በመጨረሻም በጭስ የደረቀ ፕሪም ኮምጣጤነት ሲነካው ከውሃው ተለይቶ ይረጋል። የኤዶ ሴቶች ከንፈራቸውን የሚቀቡትም ይህንኑ ስለ ነበር፣ በሥዕሉ ላይ ያለው ከንፈርና ሥዕሉን የገዛችው ሴት ከንፈር አንድ ቀለም ሊቀቡ ይችሉ ነበር።

ሰማያዊው ደግሞ ይበልጥ ደካማ ነው። እኛ የውሃ አንቁር ከምንለው አረም ጋር የሚዛመድ ትሱዩኩሳ የተባለ ተክል አለ፤ የአበባው ጭማቂ ወረቀት ላይ ተደጋግሞ ተቀብቶ ይደርቃል፣ አታሚውም ከዚያ ወረቀት ቆርጦ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ቀለሙ ይለቃል። በውሃ እንዲህ በቀላሉ መልቀቁ ለኪሞኖ ቀቢዎች ጸጋ ነበር፤ በጨርቁ ላይ ንድፋቸውን በእርሱ ይነድፉና ሲጨርሱ አጥበው ያጠፉታል። ለህትመት ግን ከዚህ የከፋ ጠባይ የለም። ሐምራዊውን ለማግኘት ይህንን ሰማያዊ ከቤኒ ጋር ሲቀላቅሉ፣ ሁለት ዕድሜ አጭሮችን ማጋባታቸው ነበር። በርሊን ውስጥ የተፈጠረው የፕሩሲያ ሰማያዊ እ.ኤ.አ. በ1830 አካባቢ በኤዶ አታሚዎች ዘንድ ሲስፋፋ፣ የሠዓሊው የሆኩሳይ የፉጂ ተራራ ሥዕሎች እስከ ዛሬ የሚያበራ ሰማያቸውን አገኙ።

ወንድማማቾቹ ዊሊያምና ጆን ስፖልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ከ6 ሺህ በላይ ህትመቶችን ለቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሰጡት ለሕዝብ ፈጽሞ እንዳይታዩ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነበር። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ተናድጄ ነበር፤ ምክንያቱም እነዚህ ሥዕሎች በዘመናቸው ተራ ሰው የሚገዛቸውና ግድግዳ ላይ የሚለጥፋቸው ርካሽ ነገሮች ነበሩ። አሁን ግን ከእነርሱ የተነሡትን ፎቶግራፎች ሳይ ንዴቴ ይበርዳል፤ የሃሩኖቡ ሰማያዊ ምን እንደ ነበር በእርግጠኝነት የምናውቀው ጨለማ ውስጥ ስለ ቆየልን ነው።

ባለፈው ዓመት እናቴ የደረቀ የሱፍ አበባ በከረጢት ላከችልኝ። ቢጫው እስኪያልቅ አጠብኩት፣ በአመድ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ከአሮጌ ነጠላ የቀደድኩትን ቁራጭም ነከርኩበት፤ ያልጠበቅኩት ደማቅ ሮዝ ሆነ። ግማሹን በመጽሐፍ ሸፍኜ ግማሹን ለመስኮቱ ፀሐይ ተውኩት። ከአምስት ሳምንት በኋላ መጽሐፉን ሳነሣ፣ በሁለቱ መካከል በማስመሪያ የተሠመረ የመሰለ ድንበር ነበር። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ምንም ሳልነግራት የትኛው ወገን እንደሚያምር ጠየቅኳት። የገረጣውን በጣቷ እየነካች፣ «ይኼኛው ረጋ ይላል» አለችኝ።