ሴይቼንቶ፦ ሞተሯን እናድስ ወይስ እንቀይር?

ዳዊት፦ ጤና ይስጥልን። የዛሬው ጉዳያችን ፊያት 600፣ ያቺ የምናውቃት ሴይቼንቶ ናት። የራሷን ሞተር እናድስላት ወይስ ተለቅ ያለ 903 ሲሲ ሞተር እንግጠምላት?

ሰላም፦ ሴይቼንቶ ራሱ ስድስት መቶ ማለት ነው አይደል?

ዳዊት፦ በጣልያንኛ ቁጥሩ ነው። ጋራዥ ስትገቢ እኮ ግማሹ ንግግር ጣልያንኛ ነው። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው። ፍሬን የመጣው ፍሬኖ ከሚለው ነው፤ ፍሬኖ ደግሞ የፈረስ ልጓምም ነው።

ሰላም፦ ልጓም! እንዴት ደስ ይላል።

ዳዊት፦ ማርሚታስ? ድስት!

ሰላም፦ የጭስ ማውጫው? ድስት?

ዳዊት፦ አዎ፣ ድስት። ካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ለውጥ ነው፣ ፍሪሲዮን መፋተግ...

ሰላም፦ ቴስታታስ?

ዳዊት፦ ቴስታ ራስ ነው፣ የሞተሩ አናት። ሴይቼንቶን የሚያስቸግራትም እሱ ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ሞተሩ ሲግል ሁለቱ እኩል አይለጠጡም። ቴስታታው ይጣመማል፣ በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይበላል፣ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቺ ከስሩ ወተት የበዛበት ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ታገኛለሽ።

ሰላም፦ እና ጓርኒሲዮን መቀየር ብቻ አይበቃም።

ዳዊት፦ አይበቃም! ቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሙ፤ ከስሩ 0.1 ሚሊ ሜትር የመለኪያ ቅጠል ከገባ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላግ። ሌላው የሚረሳው የኋለኛዋ ሴይቼንቶ፣ የ600 ዲ፣ ዘይት ማጣሪያ ነው። ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ ጫፍ፣ ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌጃ ውስጥ ነው ያለው። ሲሽከረከር ቆሻሻውን ወደ ዳር ይወረውራል፣ እዚያው ይጋገራል። ከፍታችሁ ካልፋቃችሁት ክራንክሻፍቱ የሚዞርበትን አዲሱን ብሮንዚና አሮጌው ጭቃ ይበላዋል።

ሰላም፦ ክራንክሻፍቱ ከተቧጠጠስ?

ዳዊት፦ ይላጋል። ብሮንዚናውም ለተላገው ልክ በ0.254፣ በ0.508 ሚሊ ሜትር እያለ ይመጣል። መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ግዙ።

ሰላም፦ እንግዲህ የ903ቱን ንገረን፣ ሰው እሱን እየጠበቀ ነው።

ዳዊት፦ እሺ። በፈረንጆቹ የ1955ቷ 633 ሲሲ ነበረች፤ በ1960 የወጣችው 600 ዲ 767 ሲሲ፣ 29 የፈረስ ጉልበት። የፊያት 127 ሞተር 903 ሲሲ ነው፣ ወደ 47 ይደርሳል። የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ስለሆኑ ብዙዎች ያገጣጥሟቸዋል።

ሰላም፦ እኔ ግን 767ቱ በደንብ ከታደሰ ይበቃታል ባይ ነኝ። ማቀዝቀዣዋም ፍሬኗም የተሠሩት ለ29 የፈረስ ጉልበት ነው።

ዳዊት፦ ዳገት ላይ ግን...

ሰላም፦ ዳገት ላይ በሁለተኛ ትወጣለች።

ዳዊት፦ በዝግታ! ለማንኛውም የ903ን ሐሳብ የያዘ ሰው ሞተሩ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ይጠይቅ። የፊያት 850 መኪና ሞተር ከሴይቼንቶ በተቃራኒ ነው የሚዞረው። እሱን በሴይቼንቶ ካምቢዮ ላይ ከገጠማችሁ አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ፊት ታገኛላችሁ።

ሰላም፦ አራት ወደ ኋላ?!

ዳዊት፦ አራት። የ127ቱ ግን በትክክለኛው አቅጣጫ ይዞራል። እሱም ቢሆን ቮላኖው፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ከባዱ ጎማ መሳይ ብረት፣ እና ፍሪሲዮኑ ከካምቢዮው ጋር መስማማታቸው ይለካ። ራዲያተሩም ሞተሩ ጎን ኋላ ስለሆነ አየር በራሱ አያገኝም፤ ቢያንስ ውስጡ ይጠረግ፣ ውሃ ፓምፑ ይፈተሽ።

ሰላም፦ ፍሬኑስ? አራቱም ጎማ ከበሮ ነው።

ዳዊት፦ እሱ ላይ አልከራከርሽም። የሞተሩ ጉልበት ከመጨመሩ በፊት የፍሬኑ ሸራ፣ ሲሊንደሮችና ጎማ ቱቦዎች ይቀየሩ።

ሰላም፦ ያ ሁሉ ወጪ ተደምሮ እኮ ነው 767ቱ ይሻላል የምለው።

ዳዊት፦ የ767ቱ ፒስተን በልኩ ከተገኘ እስማማለሁ። ካልተገኘ ግን 127 ፍለጋ ነው የምሄደው።