አብሽር ብሎ ማለፍ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከኮምቦልቻ ነኝ። ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎኝ መስኮቱን ከፍቼዋለሁ፤ የባጃጅ ጡሩምባ ከገባ ታገሡኝ።

አንድ ያጠፋሁትን ላውራችሁ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የሠራተኛ ማኅበሩ ኮሚቴ ውስጥ በተመረጥኩ ሰሞን፣ የሽመና ክፍል መካኒክ የሆኑ ትልቅ ሰው ቢሯችን መጡ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወንድማቸው ከሞተ ሁለት ወር ሆኖታል። እጃቸው ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይዘዋል፤ ማሽን ሳይጠግኑ ጥለው ወጡ ተብለው።

ሻይ አዘዝኩላቸው። “አብሽሩ ጋሼ” አልኩና ማኅበሩ ከፋብሪካው ጋር የተፈራረመውን ኅብረት ስምምነት ገለጥኩ። ቅሬታ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ለማን እንደሚገባ አስረዳሁ። ጥሩ አድርጌ ነው ደግሞ ያስረዳሁት! ዝም ብለው ሰሙኝና፣ “ልጄ፣ ወረቀቱስ ወረቀት ነው። እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ሰንብቷል” አሉ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? “አብሽሩ፣ ያልፋል።” ተነሥተው ሄዱ። ሻዩን ከግማሽ በታች እንኳ አላደረሱትም።

ወሎዬ ነንና አብሽር አፋችን ላይ ናት። መልካም ቃል ናት፣ አልጠላትም። ግን አንዳንዴ ወሬ መዝጊያ እናደርጋታለን።

እኛ አገር እድሩን ቅሬ ነው የምንለው። ሰው ሲሞት ቅሬው ከች ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ለቅርብ ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላስ? በአራተኛው ቀን ማሽኑ ፊት ነህ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ተሰደን ስንመለስም እንደዚሁ ነበር። የጎደለው ዕቃ ተመዘገበ። “አንተስ እንዴት ነህ?” ያለኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም።

ከሳምንት በኋላ ከጋሼ ጋር ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ተገጣጠምን። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ብርዱ መጣ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ማውራት ጀመሩ። ስለ ወንድማቸው፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ ሌሊቱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ምክር አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ፒያሳ ስንወርድ “ዛሬስ ቀለለኝ” አሉኝ። ምንም አላልኳቸውም እኮ!

በሌላ ቀን ሆስፒታል አብሬያቸው ሄድኩ። “ሂዱ” ብላቸው አይሄዱም ነበር። እንቅልፍ ማጣት ሕመም ፈቃድ ያሰጣል ብለው አስበውም አያውቁ። ሐኪም ካረጋገጠ ግን ያሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ይህን ሁሉ ያን ቀን ቢሮ ሆኜም አውቀው ነበር። ያልጠየቅኩት ሰውየውን ነው።

አሁን ማኅበራችን ውስጥ “ጆሮ” የምንላቸው ሰዎች አሉን። የባልደረባቸውን ጭንቀት ቁጭ ብለው የሚሰሙ ሠራተኞች ናቸው፣ ሐኪሞች አይደሉም። የሰሙትን አይጽፉም፤ ለአለቃም ለኮሚቴም አይነግሩም። በአንድ ነገር ብቻ ዝም አይሉም፤ ሰው “መኖር አስጠላኝ” ካለ ብቻውን አይተዉትም፣ ይዘውት ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። ገንዘብ ብድርም የለም! በመጀመሪያው ወር የመጣው ግማሹ ሰው ለብድር ነበር፤ ሳንስቅ አልቀረንም።

የሳትነውም አለ። መጀመሪያ የመረጥናቸው ሁለት ጆሮዎች ሁለቱም ወንድ ነበሩ። ከሴቶቹ አንድም የመጣ የለም። አንዲት የፈተላ ክፍል ልጅ “አለቃዬ ምን እንዳለኝ ለእናንተ ልንገር እንዴ?” አለችን። አፈርን። ሴት ተመረጠች፣ እነሱም መምጣት ጀመሩ። ወሲባዊ ትንኮሳ በአዋጁ የተከለከለ ነው፤ ክሱ ግን እሷ ስትፈልግ ነው የሚሄደው፣ እኛ ስለተናደድን አይደለም። እዚህ ላይ ራሴን መግታት ይከብደኛል፣ አልዋሽም።

የሌሊቱ ፈረቃ ላይ እስካሁን ጆሮ የለንም። ሰው የሚከብደው ደግሞ ሌሊት ነው። ጋሼን ለምኛቸው “እስቲ ላስብበት” ብለውኛል። እኔ የቀኑ ስምንት ሰዓት ፈረቃ ገቢ ነኝ፤ ሰርቪሱ ሳያመልጠኝ ልውጣ።