ዘንባባው ወንዴ ነው ሴቴ? አበባውን እንየው

ማርታ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ዛሬ በየግቢውና በየመንገዱ ዳር ስለምናየው ዘንባባ ነው የምናወራው። ወንዴውና ሴቴው በምን ይለያሉ?

ዳዊት፦ ጥያቄው የመጣው ድሬዳዋ ከምትኖር አድማጫችን ነው። ጓሮዋ ውስጥ ከፍሬ የበቀለ ቴምር አላት። «ዓመት ዓመት ያብባል፣ አንድ ፍሬ ግን አላየሁበትም። ጎረቤቶቼ ቁረጪው ይሉኛል» ትላለች።

ማርታ፦ እባክሽ እህቴ፣ አበባውን በደንብ ሳታዪ እንዳትቆርጪው! ይህን መጀመሪያ ልበል፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን።

ዳዊት፦ ግንዱን አይቶ መለየት አይቻልም? ወፍራሙ ወንዴ ነው፣ ቅጠሉ የሚለሰልሰው ሴቴ ነው የሚሉ አሉ።

ማርታ፦ በዚያ አይታወቅም። ውፍረቱ ከውሃው፣ ከአፈሩ፣ ከዕድሜው ነው የሚመጣው። ችግኝ ሲሆንማ ጭራሽ አይለይም። ከፍሬ የበቀለ ቴምር ግማሽ ያህሉ ወንዴ ነው የሚሆነው። እስኪያብብ ደግሞ ከ4 እስከ 8 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ላቦራቶሪ ውስጥ በዲኤንኤ የሚለይበት መንገድ አለ፤ ለጓሮ ተካይ ግን ያለው መላ መጠበቅ ነው።

ዳዊት፦ እንደ ፓፓያ በይኛ።

ማርታ፦ ልክ ነህ። ወንዴ ፓፓያ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ኮሶም ቢሆን ወንዴና ሴቴ አለው፤ ቀላ ያለው አበባ የሴቴው ነው። ዘንባባ ላይ ሲደርስ ግን ይህን የሚያስብ ጥቂት ነው። ፊኒክስ የሚባለው የዘንባባ ወገን በሙሉ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ነው። ቴምር ከዚህ ወገን ነው። ለጌጥ የሚተከለው ወፍራም ግንድ ያለው የካናሪ ዘንባባም እንዲሁ። ለሆሳዕና ቅጠሉን እየሰነጠቅን ቀለበት የምንሠራበት ሀገር በቀሉ ዘንባባም እዚሁ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ከወንዴ ተቆረጠ ከሴቴ ለቀለበቱ ለውጥ የለውም።

ዳዊት፦ እሺ፣ ወደ አበባው እንግባ። ዛፉ ሥር ቆሜአለሁ እንበል። ምንድን ነው የማየው?

ማርታ፦ ከሁሉ በፊት እሾኹን ተጠንቀቅ። ከቅጠሉ ዘንግ ግርጌ ረጃጅም ሹል እሾኾች አሉት፤ ቆዳ ውስጥ ገብተው ሲሰበሩ ክፉኛ ያመረቅዛሉ። ወፍራም ጓንት አድርግ፣ ዓይንህን ጠብቅ። ከዚያ በቅጠሎቹ መሐል ቀና ብለህ እይ። ጠንካራ፣ ጠፍጠፍ ያለ ሰገባ ታያለህ። አበባው የሚያድገው እዚያ ውስጥ ተሸፍኖ ነው። ሲደርስ ሰገባው በቁመቱ ይሰነጠቅና ዘለላው ይወጣል። ቁልፉ ጊዜ ያ ነው።

ዳዊት፦ ሰገባው ራሱ አይናገርም?

ማርታ፦ ፍንጭ ይሰጣል። ቴምር ላይ የወንዴው አጠር፣ ሰፋ ይላል፤ የሴቴው ረዘም፣ ጠበብ ይላል። ግን ጎን ለጎን የምታስተያየው ሌላ ዛፍ ከሌለህ ያሳስትሃል። ስለዚህ እስኪከፈት ታገስ። ሲከፈት የወንዴው ዘለላ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ክሮቹ ጫፍ አካባቢ ተጨናንቀው ታገኛቸዋለህ። አበባው ነጣ ያለ፣ የክሬም ቀለም ያለው ነው። አንዷን አበባ ቀጥፈህ መዳፍህ ላይ አስቀምጣት። ሦስት ቅጠሎቿ ተከፍተዋል፤ መሐሏ ላይ ስድስት ቀጫጭን ነገሮች ቆመዋል። ሴቴዋን የሚያዳቅለውን ዱቄት፣ ብናኙን፣ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ዘለላውን ጠዋት ጥቁር ጨርቅ ላይ ነቅነቅ ብታደርገው ዱቄቱ ቡን ይላል።

ዳዊት፦ ሴቴዋስ?

ማርታ፦ የሴቴዋ ክሮች ራቅ ራቅ ያሉ ናቸው። አበቦቹ ክሩ ላይ የተሰካ ዶቃ ይመስላሉ፤ ድቡልቡል፣ ትንንሽ፣ ወደ ቢጫ አረንጓዴ የሚያደሉ። እንደ ወንዴው አይከፈቱም፣ ብትነቀንቃቸውም ዱቄት የላቸውም። አንዷን በጥፍርህ ብትፈለቅቃት ውስጧ ሦስት ጥቃቅን የፍሬ እምቡጦች ተጠጋግተው ታያለህ። እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው። ብናኝ ካገኘች ከሦስቱ አንዱ ብቻ ያድግና ቴምር ይሆናል፤ ሁለቱ ደርቀው ይቀራሉ። ብናኝ ካላገኘች ግን ሦስቱም አብረው ያብጣሉ። ውስጣቸው ዘር የለም፣ ትንንሽ ናቸው፣ ጣዕምም የላቸውም።

ዳዊት፦ ቆይ፣ ይሄ ለአድማጫችን ወሳኝ ነው። ሦስት ሦስት ሆነው የተጣበቁ ጭርምት ያሉ ፍሬዎች ካየች...

ማርታ፦ ዛፏ ሴቴ ናት፣ ምንም አልጎደላትም፤ የጎደለው ወንዴ ነው። አበባው ዱቄት አራግፎ፣ ረግፎ፣ ባዶ ክር ብቻ ከቀረ ደግሞ ዛፉ ወንዴ ነው። እስከ ዕድሜው መጨረሻ ፍሬ አይሰጥም።

ዳዊት፦ አበባው ካለፈ በኋላ የደረሰ ሰው ምን ያድርግ?

ማርታ፦ ያለፈው ወቅት ዘንግ ዛፉ ላይ ደርቆ ይቆይ ይሆናል። የሴቴው ዘንግ ፍሬው ሲያድግ ይረዝማል፣ ወደ ውጭ ይዘረጋል፣ ይጎብጣል። የወንዴው አጭር እንደሆነ ይቀራል። ንቦችንም አስተውሉ። ብናኝ ሊለቅሙ ወንዴው ላይ ይሰፍራሉ፤ ሴቴዋን ብዙ አይጎበኟትም።

ዳዊት፦ ታዲያ ማን ያዳቅላታል?

ማርታ፦ ነፋስ ይረዳል፤ ቴምር አምራቾች ግን በነፋስ አይታመኑም፣ በእጅ ነው የሚያዳቅሉት። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ እንኳ የወንዴውን ዱቄት ሴቴው ላይ መነስነስን ጽፎታል። አሠራሩ ቀላል ነው። የሴቴዋ ሰገባ በተሰነጠቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከወንዴው ጥቂት ክሮች ቆርጠህ ዘለላዋ መሐል ትሰካለህ፣ ላላ አድርገህ ታስራለህ። አንድ ጥሩ ወንዴ ለ50 ያህል ሴቴዎች ይበቃል ይባላል።

ዳዊት፦ ለዚህ ነዋ አትቁረጪው ያልሻት! ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ሴቴዎች በሙሉ የእሷን ዛፍ ሊፈልጉ ይችላሉ።

ማርታ፦ እሱን ነው የምለው። አንድ ታሪክ ልጨምር። እስራኤል ውስጥ ማሳዳ በሚባል ጥንታዊ ምሽግ በቁፋሮ የተገኘ 2000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የቴምር ፍሬ በ2005 እ.ኤ.አ. ኬቱራ በሚባል ኪቡዝ፣ ማለትም የጋራ መንደር፣ ተተከለና በቀለ። ማቱሳላ አሉት። ዓለም ሁሉ የጥንቱን ቴምር ልንቀምስ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ሲያብብ ወንዴ ሆኖ ተገኘ።

ዳዊት፦ አይ!

ማርታ፦ ግን አልጣሉትም። ከሌሎች ጥንታዊ ፍሬዎች ደግሞ ሐና የተባለች ሴቴ ዛፍ በቀለች። ስታብብ በማቱሳላ ብናኝ አዳቀሏትና በ2020 እ.ኤ.አ. 111 የቴምር ፍሬዎች ሰጠች።

ዳዊት፦ ደስ ሲል። እስቲ ደግሞ ይህ ሁሉ የማይመለከታቸውን ዘንባባዎች እንጥቀስ፤ ሰው በከንቱ ወንዴ እንዳይፈልግ።

ማርታ፦ ኮኮናት ሁለቱንም አበባ እዚያው ዛፍ ላይ ይይዛል። ለስላሳ ረጅም ግንድ ያለው ሮያል የሚሉት ዘንባባም እንደዚያው። ዋሺንግቶኒያ በሚባለው ዘንባባ ደግሞ አንዷ አበባ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ዘንባባ የሚመስለው ሳይካስ የምንለው ተክል ከናካቴው ዘንባባ አይደለም፤ ግን ወንዴና ሴቴ አለው። መሐሉ ላይ ረጅም ቀጥ ያለ ነገር ካቆመ ወንዴ፣ ሰፊ ድቡልቡል ፀጉራም ነገር ካወጣ ሴቴ ነው።

ዳዊት፦ አዲስ መትከል ለሚፈልግስ?

ማርታ፦ ቴምር ከሆነ ከፍሬ አትጀምሩ። ሴትነቷ ከታወቀ ዛፍ ሥር የሚወጣውን ቡቃያ ገንጥላችሁ ትከሉ። እናትየዋ ሴቴ ከሆነች እሱም ሴቴ ነው፣ ፍሬውም የእሷው ዓይነት ነው። ለጌጥ ብቻ ከሆነ፣ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ወንዴው ይሻላል፤ የካናሪ ሴቴ ፍሬዋን እያረገፈች ወለሉን ታቆሽሻለች። ቤት ውስጥ ብናኝ የማይስማማው ሰው ካለ ደግሞ ወንዴውን ከመስኮት አርቁት።

ዳዊት፦ አድማጫችንም ሌሎቻችሁም፣ ሰገባው በተከፈተ ሰሞን ሁለት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። አንዱ ሙሉ ዘለላውን የሚያሳይ፣ አንዱ አንዲት አበባን ከቅርብ። በሚቀጥለው ዝግጅት ማርታ አንድ በአንድ ታያቸዋለች።