የተሰረዘው አንቀጽ

እንደምን ዋላችሁ! ጋሼዎች፣ እትዬዎች፣ እናንተም ልጆች፣ ኳሷን ለትንሽ ጊዜ አሳርፉልኝማ።

አዘጋጆቹ በዚህ የሰመር ሽርሽራችን ላይ ስለ ዋልደን ሐይቅና እዚህ ስለኖረው ደራሲ ስለ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ተናገር አሉኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ «አደራ፣ ፖለቲካ እንዳይነሳ፣ ስለ ተፈጥሮው ብቻ» ተባልኩ። እሺ አልኩ። ከዚያ ደግሞ «ጽሑፉን አስቀድመህ ላክልን» መጣ። ላክሁ። ስለ እስር ቤቱ የጻፍኩት አንቀጽ ተሰርዞ ተመለሰልኝ። ዛሬ እሱን ነው የማነበው። ቅር የሚለው ካለ ከምሳ በኋላ ፊት ለፊት ይንገረኝ፣ አልሸሽም።

ግን ቃሌን ልጠብቅ፣ በተፈጥሮ ልጀምር። የዚህች የኮንኮርድ ከተማ ሰው ይሄ ከፊታችሁ ያለው ሐይቅ ወለል የለውም ብሎ ያምን ነበር። ማንም ለክቶ አያውቅም፣ ብቻ ይወራል። በፈረንጆቹ 1846 መጀመሪያ፣ ሐይቁ ገና በበረዶ እንደተሸፈነ፣ ቶሮ ኮምፓስ፣ ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ገመድና አንድ ድንጋይ ይዞ ወጣ። በረዶውን እየበሳ፣ ድንጋዩን እየሰደደ ለካው። ከሁሉም የጠለቀው ቦታ 102 ጫማ ሆነ፣ ወደ 31 ሜትር ማለት ነው። ወለል አለው። በቃ። ሌሎች ሲሉ ሰማሁ ማለት አልበቃውም፣ ሄዶ አየ።

ይሄው ሰው ነው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የታሰረው። ያኔ የሚኖረው እዚህ ጫካ ውስጥ፣ በእጁ በሠራት አንድ ክፍል ቤት ነው። ጫማ ሰሪ ጋ የተጠገነለትን ጫማ ሊወስድ ወደ ከተማ ወረደ። እዚያ የግብር ሰብሳቢው ሳም ስቴፕልስ ያዘው። ሳም የእስር ቤቱም ጠባቂ ነው፣ ትንሽ ከተማ ናት፣ ሁሉም ይተዋወቃል። የነፍስ ወከፍ ግብሩን ለምን እንደማይከፍል ጠየቀውና፣ ቸግሮህ ከሆነ እኔ እከፍልልሃለሁ አለው። ደግ ሰው ነበር ሳም።

ቶሮ አልቸገረውም። የመንገድ ግብር ይከፍል ነበር፣ ጎረቤቱን መበደል አይፈልግም። ይሄኛውን ግን፣ ራሱ እንደጻፈው፣ ለ6 ዓመት አልከፈለም። ሰው የሚሸጥበትንና የሚገዛበትን ሥርዓት የሚጠብቅ፣ በዚያ ላይ ሜክሲኮን የወረረ መንግሥት በኔ ገንዘብ አይሠራም አለ። እምቢ አለ። ታሰረ።

ማታ አንዲት ፊቷን የሸፈነች ሴት ብሩን ይዛ መጣች። አክስቱ ማሪያ ናት ይባላል። ከፍላ ሹልክ አለች። ሳም በዚያ ሰዓት ቦት ጫማውን አውልቆ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፣ እንደገና ማጥለቅ ስለታከተው ነገ እፈታዋለሁ ብሎ ተወው። (ዓለም የሚያወራላት የአንድ ሌሊት እስር ግማሿ የሳም ስንፍና ናት።) ጠዋት በሩ ሲከፈት ቶሮ ደስ አላለውም፣ በጣም ተናደደ። ያለ እሱ ፈቃድ ከፍለውበታል።

እስቲ ይቺን አክስት የማያውቅ እጁን ያውጣ! በየቤታችን አለች። ልጁ አላጨበጭብም፣ አልፈርምም ሲል፣ ተሸፋፍና ሄዳ ይቅርታ የምትጠይቅለት፣ «ልጅ ነው፣ አያውቅም» የምትል። በፍቅር ነው የምታደርገው፣ እሱን አልክድም። በቀይ ሽብር ልጇን ጣሪያ ሥር ደብቃ ያሳለፈች እናት «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ብትል ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድም። ግን እኛ ያኔ ልጆች የነበርነው አሁን ሸምግለናል፣ ቦስተን ነው ያለነው፣ ደብዳቢ ካድሬ በር ላይ የለም፣ እና አሁንም የሰው ጽሑፍ ላይ እስር ቤት የሚል ቃል ስናይ እንሰርዛለን! ቀበሌ ስብሰባ ላይ ያላመንንበትን ነገር እጅ አውጥተን «በሙሉ ድምፅ» ስንል የኖርን ሰዎች፣ ልጆቻችንን ደግሞ ያንኑ እናስተምራለን? አይሆንም! ለኔ አይሆንም።

አንዳንዱ ደግሞ ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ግለኝነት ነው ይለኛል። የት ነው ግለኝነቱ? የኮንኮርድ ሴቶች ባርነትን ለመቃወም በ1837 ማኅበር ሲያቋቁሙ የቶሮ እናትና እህቶቹ ከአባላቱ ነበሩ። ከእስር ከተፈታ ከቀናት በኋላ፣ ነሐሴ 1846፣ ሴቶቹ ዓመታዊ ስብሰባቸውን ያደረጉት እዚህ ጫካ፣ እሱ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። በ1851 ከቨርጂኒያ ከባርነት ያመለጠ ሄንሪ ዊሊያምስ የሚባል ሰው እነ ቶሮ ቤት መጣ። ተፈላጊ ነው፣ እሱን መርዳት በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል። አሳደሩት፣ ገንዘብ አዋጡለት። ቶሮ ባቡር ጣቢያ ሄዶ ቲኬት ሊቆርጥለት ሲል አንድ ፖሊስ የሚመስል ሰው አየና ተመለሰ፣ ቆይቶ ሌላ ባቡር አሳፈረው፣ ወደ ካናዳ። ይሄ ግለኝነት ከተባለ እኔንም ግለኛ በሉኝ!

ደግሞ ለቦስተን ሰው የደቡብን ባሪያ አሳዳሪ መራገም ቀላል ነበር፣ ሩቅ ነው፣ አይሰማም። ቶሮ ግን እንቅፋቱ እዚሁ ማሳቹሴትስ ያለው ነጋዴና ገበሬ ነው አለ፣ ከሰው ልጅ ይልቅ ለገበያው የሚጨነቀው። እዚህ ነው ሰዉ የሚቆጣው። ስለ ሩቅ ግፈኛ ስትናገር ጭብጨባ ነው፣ ስለ ቤትህ ስታነሳ «ተው እንጂ፣ ሰው እንዳይሰማ»። እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፣ አናውቃትም ይቺን?

ስለ ተፈጥሮውም የምትጨነቁ ካላችሁ፣ ከእስር ቤት እንደወጣ ጫማውን ተቀበለና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ኮረብታ ላይ የጫካ ፍሬ ለቀማ ሄደ። አንድ ሰው ነው፣ አንድ ጠዋት ነው። ቆርጣችሁ ፍሬ ለቀማውን ብቻ አትስጡኝ።

ጓደኞቹም ነበሩ፣ ሰዓቴ እያለቀ ነው እንጂ። ብሮንሰን አልኮት ከሱ 3 ዓመት ቀድሞ በዚሁ ግብር ተይዟል። ደራሲው ኤመርሰን፣ ያኔ የዚህ መሬት ባለቤት የነበረው፣ በ1838 የቼሮኪ ሕዝብ ከአገሩ መነቀሉን ተቃውሞ ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጽፏል፣ አልሰሙትም። ማርጋሬት ፉለር በ1845 ስለ ሴቶች መብት መጽሐፍ አሳተመች። ማርቲን ሉተር ኪንግ ቶሮ ስለዚህ እምቢታው የጻፈውን ጽሑፍ ያነበበው አትላንታ ውስጥ ተማሪ ሳለ ነው፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከባርነት የወጣ ብሪስተር ፍሪማን የሚባል ጥቁር ሰው ከቶሮ በፊት እዚህ ጫካ ውስጥ መሬት ገዝቶ ኖሯል፣ ኮረብታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የጉብኝት ፕሮግራማችን ላይ የለም። እኔ ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ፣ የሚመጣ ውሃ ይያዝ።

አዘጋጆቹን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ለፍታችኋል፣ እናመሰግናለን። የሚቀጥለው ዓመት ንግግሩን ከነዚህ ልጆች አንዱ ያድርገው። አማርኛው ቢያስቸግረው በእንግሊዝኛ ይናገር፣ ችግር የለም። ጽሑፉን ግን ማንም አስቀድሞ እንዳያይበት፣ እኔም ጭምር። በሉ፣ ወደ ምሳ።