«ኤክስ» የምትባል ትንሽ ቃል

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጥድ ነው። ስለ አበሻ ጥድ። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይባላል። የዕፅዋት መጽሐፍ ስትገልጡ ግን ስሙ እዚያ ላይ አያበቃም። «ሆችስት. ኤክስ ኤንድል.» የምትል ጭራ አለችው። ተማሪ ሳለሁ ይህቺን ጭራ ዘልዬ ነበር የማልፋት። ፈተና ላይ አትመጣም ነበር። አሁን ግን ከስሙ ሁሉ አብልጬ የምወደው እሷን ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1820ዎቹ፣ በደቡብ ጀርመን ኤስሊንገን በምትባል ከተማ፣ ሁለት ዕፅዋት ወዳዶች ነበሩ። ሽቶይደል ሐኪም ነው። ሆችስቴተር ደግሞ ቄስና መምህር። ሁለቱ ሆነው የእኛን እቁብ የሚያስታውሰኝ ነገር ጀመሩ። የፈለገ ሰው ድርሻ ይገዛል። በተሰበሰበው ገንዘብ አንድ ሰው ወደ ሩቅ አገር ይላካል። እሱም ዕፅዋት እየለቀመ፣ እያደረቀ ይልካል። ባለ ድርሻዎቹ እንደየመዋጯቸው ይከፋፈሉታል። ማኅበሩን በላቲን «ኡኒዮ ኢቲኔራሪያ» አሉት። የጉዞ ማኅበር እንደማለት ነው።

ማኅበሩ ከላካቸው ሰዎች አንዱ ቪልሄልም ሺምፐር ነበር። በ1837 ትግራይ ገባና አድዋን ቤቱ አደረገ። እዚያው አግብቶ ወለደ። ደጃዝማች ውቤ እንትጮን እንዲያስተዳድር ሰጡት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነግሡ ግዛቱን አጣ። ኋላም መቅደላ ላይ ከተያዙት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ። በ1868 ከተለቀቀ በኋላ ተመልሶ አድዋ ገባ፤ በ1878 እዚያው አረፈ። ይህ ሁሉ ሲደርስበት ዕፅዋት መልቀሙን አልተወም።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ተክሉን ከነአበባው፣ ከተገኘም ከነፍሬው ትቆርጣላችሁ። በወረቀት መሃል ታስተኙትና ከላይ ክብደት ትጭኑበታላችሁ። ወረቀቱ እርጥበቱን ሲጠጣ በደረቅ ትቀይራላችሁ። ካልቀየራችሁ ይሻግታል። ይህን በስሜን ተራሮች ጉም ውስጥ አስቡት። ደግሞ ከአንድ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ አይበቃም። ለባለ ድርሻዎቹ ሁሉ መድረስ አለበት። ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፋል። ከዚያ በጭነት ከብት ቁልቁል እስከ ምጽዋ፣ ከምጽዋ በመርከብ።

ኤስሊንገን ላይ ጥቅሉን የሚፈታው ሆችስቴተር ነው። ይለያል፣ ያነጻጽራል፣ ለየአንዳንዱ ወረቀት ምልክት ያሳትማል። በብዙዎቹ ምልክቶች ላይ «የአድዋ ዕፅዋት» የሚል የላቲን ጽሑፍ አለ። አዲስ የመሰለው ተክል ሲያጋጥመው ስም አውጥቶ እዚያው ይጽፍለታል።

ነገር ግን ምልክት ላይ የተጻፈ ስም ብቻውን አይጸናም። ስም የሚጸናው ከነመግለጫው ታትሞ ሲወጣ ነው። ለጥዳችን ይህን ያደረገለት ቪየና የነበረው ኤንድሊሸር ነው፤ በ1847። ስሙን ራሱ እንዳወጣው አድርጎ ማሳተም ይችል ነበር። አላደረገውም። ስሙ የሆችስቴተር መሆኑን መሰከረ። «ኤክስ» የምትለው ቃል ይህቺ ናት። ስሙን ያወጣው ሆችስቴተር፣ አሳትሞ ያጸናው ኤንድሊሸር ማለት ነው። ሁለት ከተማ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ዛፍ።

ብሳናም እንደዚሁ ነው። ስሙን ሆችስቴተር አወጣው፣ ፈረንሳይ ሞንፔልየ የነበረው ደሊል አሳተመው። መረንዝን በ1844 ጄኔቫ ላይ አልፎንስ ደ ካንዶል ገለጸው፤ በሺምፐርም ስም ሰየመው። እንቆቆን በ1876 በርሊን ላይ ቫትከ «ኤምቤሊያ ሺምፐሪ» አለው።

ፈረንሳዮቹንም ሳላነሳ አላልፍም። ካርቲን ዲሎንና ፔቲ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ዕፅዋት ሊለቅሙ መጥተው ነበር። አንዱን ወባማ ቆላ ላይ ትኩሳት ገደለው። ሌላውን ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የለቀሙት ግን ፓሪስ ደረሰ። አሺል ሪሻር የሚባል ምሁር የእነሱን ዕፅዋት ከሺምፐር ዕፅዋት ጋር አስተያይቶ፣ ከ1847 እስከ 1851 ባለው ጊዜ ስለ አገራችን ዕፅዋት ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በላቲን አወጣ። ሁለቱ ለቃሚዎች መጽሐፉን አላዩትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አሁን ደግሞ የእቁቡን ጥቅም ተመልከቱ። በመጋቢት 1943፣ በጦርነቱ መሃል፣ የበርሊኑ የደረቁ ዕፅዋት ቤት በቦምብ ተቃጠለ። የሚበዛው ስብስብ አመድ ሆነ። የሺምፐር ዕፅዋት አንድ ቦታ ብቻ ተቆልፈው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን አብረው ባለቁ ነበር። ነገር ግን ቀድሞውኑ ለፓሪስም፣ ለለንደንም፣ ለሌሎችም ተከፋፍለዋል። ዛሬ አንድ ተመራማሪ «ያኔ ይህን ስም ያገኘው ተክል በእርግጥ የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መንትያውን እዚያ ሄዶ ያያል።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። ሺምፐርን ተራራ ለተራራ የመሩት እነማን ነበሩ? እንስሳቱን የነዱት፣ ወረቀት ያደረቁት? እንቆቆ የኮሶ ትል ማስወጫ እንደሆነ ሰዉ ቫትከ ከመወለዱ በፊት ያውቅ ነበር። በእንቆቆ ስም ጭራ ላይ ግን ለእነዚህ ሰዎች «ኤክስ» የለም። ሆችስቴተርና ኤንድሊሸር እርስ በርስ ያሳዩት ጨዋነት አድዋ ድረስ አልመጣም።

የአደይ አበባን ስም ግን ተመልከቱ። አደይ ብለን ከምንጠራቸው አንዱ «ቢደንስ ማክሮፕቴራ» ነው። ጭራው ላይ ሹልትስ አለ፣ ጀርመናዊ። ከዚያ «ኤክስ» አለች። ከዚያ ኪዮቬንዳ፣ ጣሊያናዊ። መጨረሻ ላይ መስፍን ይላል። ፕሮፌሰር መስፍን ታደሰ፣ የእኛው ሰው። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ይዤ ብድግ ነው ያልኩት።

አሁን ወደ ጓሮ እንወጣለን። ወረቀቱና መጫኛው ጥዱ ሥር ተዘጋጅቷል። ከየተክሉ ሦስት ሦስት ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ አንዱ እዚሁ ይቀራል፣ ሁለቱ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ። ምልክቱ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የራሳችሁን ስም ጻፉ። ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር ትቼላችኋለሁ፤ «ያሳየኝ ሰው» ይላል። አያታችሁም ትሁን፣ የግቢው አትክልተኛም ይሁን፣ ስሙን ከነአባቱ ጻፉት።